የታችኛው አምስተኛ

እኔ ቂመኛ ነኝ። ይህን የምለው እንደ ኑዛዜ አይደለም፤ ሰው ቁመቱን እንደሚናገር ነው የምናገረው። እናቴ "ይቺ ልጅ ክፉ የተናገራትን ሰው ሳሉን ሳይቀር ታስቀምጣለች" ትላለች። እውነቷን ነው። ባለ ወፍጮው በስብሰባ ላይ ስለ እሷ የተናገረውን ዛሬም ከነሳሉ ልደግመው እችላለሁ።

ቀበሌያችን ከመካነ ሰላም በእግር የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ሕዝቡ አዳራሹ ደጃፍ ላይ ይሰበሰብና ድጋፍ የሚያገኙ ሰዎች ስም ይነበባል። ድጋፉ በየወሩ የሚሰጥ እህልና ዘይት ነው። ጉልበት ያለው እርከን እየሠራ ይወስዳል፣ ጉልበት የሌለው እንዲሁ ይሰጠዋል። እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ከተጎዳ ወዲህ በምርኩዝ ስለምትሄድ እንዲሁ ከሚሰጣቸው ናት። ስም በተነበበ ቁጥር ሕዝቡ "ይገባታል" ወይም "አይገባትም" ይላል። በኛ አገር ደሃ መሆን ብቻ አይበቃም፣ ጎረቤት ቆሞ ሊመሰክርልህ ይገባል።

የእናቴ ስም ሲነበብ ባለ ወፍጮው ተነሣ። የኮሚቴ አባል ነው፣ ሳይጠየቅም የሚናገር ሰው ነው። ሁለት ጊዜ ሳለና "ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የምትተኛ ሴት ደሃ ከተባለች እኛማ ለማኞች ነን" አለ። ሰው ሳቀ። ያን ቆርቆሮ አባቴ ሊሞት ዓመት ሲቀረው የመጨረሻ በሬውን ሸጦ ነበር የገዛው። ዝናብ ሲመታው ይጮኻል እንጂ አይበላ፣ አይጠጣ። እናቴ ሻሿን አስተካከለችና መሬት መሬቱን አየች። ሦስት ሽማግሌዎች "ተው እንጂ ሰውየው፣ ምርኩዟን እያየህ?" ብለው ሙግት ባይገጥሙላት ኖሮ ያኔውኑ ተሰርዛ ነበር። ስሟ በእነሱ ጉልበት ተረፈ። እኔ ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ ጥርሴን ነክሼ ሰማሁ፤ ቂሙንም ያን ቀን ቋጠርኩት።

እዚህ ላይ ስለ እኔ ጥቂት ልናገር። መካነ ሰላም ላይ ተምሬ ዲፕሎማ ይዣለሁ። ቋሚ ሥራ ግን አላገኘሁም፣ በኮንትራት ነው የምኖረው። አንድ ጥናት ሲመጣ ቤት ለቤት እየዞርኩ እጠይቃለሁ፣ ጥናቱ ሲያልቅ ደግሞ ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ ሥራ እለምናለሁ። ቤት ኪራዬን ከፍዬ የሚተርፈኝ ለእናቴ ሳሙናና ጨው ቢገዛ ነው። ስለዚህ የእናቴ ጉሮሮ ያለው እዚያ ዝርዝር ላይ ነው። ከዝርዝሩ ወጣች ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

በዚያው ዓመት አንድ ጥናት መጣና ተቀጠርኩ። አስተባባሪያችን ከደሴ የመጣ ረጋ ያለ ወጣት ነበር፤ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፎ ነው የሚሄደው። በሥልጠናው ቀን ሥራውን እንዲህ ብሎ አስረዳን። አገር አደገ ሲባል ማን አደገ? አንድ ቤት በሦስት እጥፍ አድጎ ሌላው ባለበት ቢቀር፣ ሁለቱን ደምሮ "ቀበሌው አድጓል" ማለት ይቻላል፤ ግን አንደኛው ቤት ምንም አልቀመሰም። ስለዚህ በዕጣ የወጡትን ሃያ ቤቶች ከደሃው ጀምረን እስከ ሀብታሙ እናሰልፋለን፣ ሰልፉን አምስት ቦታ እንቆርጠዋለን፣ አራት አራት ቤት ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሰን እነዚያኑ ቤቶች እንጠይቅና እያንዳንዱ አምስተኛ ምን ያህል እንዳደገ እናያለን። እድገቱ የታችኛው አምስተኛ ጋ ደርሷል? ወይስ ላይ ላዩን ተበልቶ አልቋል?

ይህን ስሰማ ልቤ ሞቀ። ውሸቴን አይደለም፣ ለሥራው ፍቅር ያደረብኝ ያን ቀን ነው። ይኸው፣ የእናቴን ቆርቆሮ ሳይሆን ማዕዷን የሚያይ ወረቀት መጣ አልኩ። አንድ ነገር ብቻ ነበር ያልወደድኩት። አስተባባሪው ጣቱን ቀስሮ "ሰው ያለውን ጻፉ። እናንተ ዳኛ አይደላችሁም" ብሎ አስጠነቀቀን።

የእናቴ ቤት ዕጣ አልወጣለትም። የባለ ወፍጮው ቤት ወጣለት። ሌላ ቤት ጠፋ እንዴ? የደረሰው ደግሞ ለእኔ ነው።

ሄድኩ። ወፍጮው እየሠራ ነበር፤ ዱቄቱ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ተቀምጧል። በርጩማ እንኳ አላቀረበልኝም፣ ጆንያ ላይ ነው የተቀመጥኩት። ማን እንደሆንኩ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃል። ስንት ኩንታል አገባችሁ ስለው "ምን ዝናብ ዘነበና" አለኝ። ከብት ስለው "ሞቶ አለቀ" አለ። ወፍጮው ምን ያስገባል ስለው፣ እየጮኸብን ያለውን ወፍጮ በእጁ እያሳየኝ "ይኼ? ይኼማ ነዳጁን አይመልስም። አልሐምዱሊላህ፣ ደሃ ነን" አለኝ። ከኋላው ጆንያ በጆንያ ላይ ተደርድሮ ጣራውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ደሜ ፈላ። እናቴን በሕዝብ ፊት ባለጸጋ ያደረጋት ሰው፣ ወረቀት ሲያይ ደሃ ሆነ! ግን ሰው ያለውን ጻፉ ተብያለሁ፤ አዲስ ሠራተኛ ነኝ፣ ፈርቻለሁም። የለም ያለውን ሁሉ የለም ብዬ ሞላሁለት። ስወጣ "አላህ ይስጥልኝ፣ ለደሃው ጸሐፊ አያሳጣው" ብሎ ሳቀ።

በዚያ ዙር ያየሁት የሰው ጠባይ የተገላቢጦሽ ነው። አንዲት መበለት ባለፉት ሰባት ቀናት ምን በላችሁ ብላት "ጠግበናል፣ ምን ጎድሎን" ትላለች፤ ማጀቷ ግን ጢስ ካየ ሰንብቷል። ከአላህ ላይ ማማረር ይሆንብኛል ብላ ነው፣ ነውርም ነው። ያለው ሰው ደግሞ ዓይን ይበላኛል፣ ግብር ይመጣብኛል ብሎ ይደብቃል። እስላሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ነው። ወረቀቱ ላይ ደሃ ይጠግባል፣ ሀብታም ይራባል። ጥቂት ጥቂቱን እየጎረጎርኩ አቀናሁት፣ የባለ ወፍጮውን ግን አልነካሁትም።

ሁለት ዓመት አለፈ። በሁለቱ ዓመት ውስጥ ሰውየው ሁለተኛ ወፍጮ ተከለ፣ አይሱዙ ገዛ። አይሱዙው በገበያ ቀን መንገዱን እያናወጠ ወደ መካነ ሰላም ሲገባ አቧራው እኔ ላይ ነው የሚያርፈው። እናቴ በየዓመቱ ስብሰባው በደረሰ ቁጥር እንቅልፍ ታጣለች፤ እሱ በየዓመቱ እየተነሣ "ቆርቆሮ" ይላል፣ ሽማግሌዎቹ እየተነሡ ያስተርፏታል። እኔ እየጠበቅሁ ነበር። ምን እንደምጠብቅ ግን አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው ዙር መጣ። አስተባባሪው ያው ነው፣ ላፕቶፑም ያው። በወረቀቱ ላይ ግን አንድ አዲስ ገጽ ተጨምሯል፣ ከቤቱ ስለ ወጣ ነገር የሚጠይቅ። ለዘመድ የተሰጠ፣ ሰደቃ፣ ዘካ፣ ለቤተ ክርስቲያን የወጣ አሥራት። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። በሦስተኛው ቀን አንድ ገበሬ ቤት ሁሉን ነገር "የለም፣ የለም" ሲለኝ ቆይቶ ዘካ ስለው ፈርጠም ብሎ "ሰባ አምስት ኪሎ" አለኝ። ብዕሬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ዘካ የሚወጣው በምርቱ ልክ ነው፤ ሰባ አምስት ኪሎ ዘካ ያወጣ ሰው ስንት አምርቷል? ሰው ለመንግሥት ይዋሻል፣ ለጥናት ይዋሻል፣ ለሚስቱም ሊዋሽ ይችላል። በዘካው ግን እንዴት ይዋሽ? ያወጣውን አሳንሶ ቢናገር የአላህን ሐቅ በላሁ ማለቱ ነው፤ አብዝቶ ቢናገርም ውሸቱ በራሱ ላይ ይጻፍበታል።

እሰይ አልኩ። ወላሂ ብቻዬን መንገድ ላይ ቆሜ እሰይ ብያለሁ።

ባለ ወፍጮው ጋ የሄድኩት ሆን ብዬ በገበያ ማግሥት ነው፣ እህል የሚያስፈጭ ሰው የሚበዛበት ቀን ስለሆነ። የቁርአን አስተማሪው ሼኽ ዱቄታቸውን እየጠበቁ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ሰላም አልኳቸው፣ መረቁኝ። ሰውየው አሁን በርጩማ አቀረበልኝ፤ ሀብት ሲጨምር ይሉኝታም ይጨምራል መሰለኝ። እንደ ወትሮው ከፊተኛው ገጽ አልጀመርኩም፣ መጨረሻው ላይ ያለውን ገለጥኩት።

"ዘንድሮ ዘካ አውጥተዋል?" አልኩት አንቱ ብዬ፣ እንደ ጨዋ ልጅ።

ቀና አለ። ሼኹ አሉ፣ ጎረቤት አለ። "ዘካዬን አስተርፌ አላውቅም። ጤፍ ሦስት ኩንታል፣ ስንዴ ሁለት ኩንታል። በግ ሁለት" አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ወደ ሼኹ ዞር አልኩና፣ እኔ የማላውቀው ይመስል፣ በዝናብ የበቀለ እህል ዘካው ስንት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ከአሥር አንድ ነው አሉኝ። የበግስ? ከአርባ እስከ መቶ ሃያ ድረስ አንድ፣ ከዚያ ካለፈ ሁለት አሉ። ደስ ብሏቸው ነው ያስረዱኝ፣ ልጅ ሃይማኖቷን ስትጠይቅ ማን ይጠላል። እኔም አንገቴን ደፍቼ ጻፍኩ። ጤፍ ሠላሳ ኩንታል። ስንዴ ሃያ። በግ ከመቶ ሃያ በላይ፣ ለየሰው አስጠብቆ በየጎጡ የበተናቸው።

ሰውየው ሳለ። "ምን እያባዛሽ ነው?" አለኝ።

"አንቱ ያሉኝን ነው የምጽፈው" አልኩት።

ከዚያ በኋላ ወደ ፊተኛው ገጽ ተመለስኩ። ስንት ኩንታል አገቡ ስለው "ምን ዝናብ" ሊል አፉን ከፈተና ሼኹን አየ፣ ከደነው። ሁለቱን ወፍጮ አስቆጠርኩት፣ አይሱዙውን አስቆጠርኩት። በሰባት ቀን ስንት ጊዜ ሥጋ እንደበሉ፣ ስንት ሊትር ዘይት እንደገባ አንድም ሳላስቀር ጠየቅኩ። ግንባሩ ላይ ያለው ዱቄት በላብ ሊጥ ሆነ። እኔ ግን አልቸኮልኩም። ሌላ ቤት በአንድ ሰዓት የምጨርሰውን እሱ ቤት ግማሽ ቀን ፈጀሁበት። ስወጣ የመረቀኝም የሳቀብኝም የለም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ከዚያ እስከ መካነ ሰላም ድረስ መንዙማ እያንጎራጎርኩ ነው የሄድኩት። ያን ያህል ደስ ያለኝ ቀን በሕይወቴ ጥቂት ነው፤ ይህን ስናገር አላፍርም።

ምን እንደሚሆን በልቤ ሥዬ ጨርሻለሁ። ውጤቱ ሲነገር የላይኛው አምስተኛ ሰማይ ነክቶ ይታያል፣ የታችኛው መሬት ላይ ተኝቶ። ስም ባይጠራም በቀበሌው ውስጥ እድገቱን ጠቅልሎ የበላው ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ከዚያማ ማን ደፍሮ እናቴን ቆርቆሮ አለሽ ይላታል? እናቴን "አብሽሪ፣ ዘንድሮ የሚያሰርዝሽ የለም" አልኳት። እሷ "አንቺ ምን አውቀሽ" አለችኝ።

ስብሰባው ተጠራ። ከወረዳ አንድ ሰው መጥቷል፤ አስተባባሪው ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፈ። የሁለቱን ዓመት እድገት የሚያሳይ አምስት ዓምድ ተስሎበታል፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከደሃው ወደ ሀብታሙ። እኔ ዓይኔ የሄደው ወደ ቀኝ ነው። የቀኙ አጭር ነው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛውም ከጉልበት አይዘሉም። የግራው፣ የታችኛው አምስተኛ፣ ብቻውን ተመዞ ወረቀቱን ሊወጣ ደርሷል።

ተሳስተው ገልብጠው የለጠፉት መሰለኝ። አስተባባሪው ግን በጨዋ አንደበቱ ማስረዳት ጀመረ። ከሁለት ዓመት በፊት ከሁሉም በታች የነበሩት ቤቶች ከሁሉም በላይ አድገዋል፤ እንዲህ ያለ ቀበሌ አላጋጠመንም አለ። ጭብጨባ ሆነ። ባለ ወፍጮው ተነሣና፣ ሁለት ጊዜ ሳለና፣ አላህ ደሃውን ስላሰበው አልሐምዱሊላህ ብሎ ረዥም ምስጋና አደረሰ። ምን እየሆነ እንደሆነ ይግባው አይግባው እስከ ዛሬ አላውቅም። የወረዳው ሰው ተከትሎ ተነሣ። የታችኞቹ ራሳቸውን እየቻሉ ስለሆነ ድጋፉ ወደባሰበት ቀበሌ ይዞራል፣ የእናንተ ዝርዝር በግማሽ ይቀነሳል አለ። ወዲያው፣ በየስብሰባው ሙግት ከሚነሣባቸው ጀምረው፣ ከድጋፉ የሚወጡትን ተመራቂዎች ብለው ስማቸውን አነበቡ። እናቴ ፊደል ሳትቆጥር ተመረቀች።

እነዚያ ሽማግሌዎች ተነሥተው ነበር። አንደኛው ምርኩዟን ሊያሳይ እጁን ዘረጋ። የወረዳው ሰው በአክብሮት "አባቴ፣ ይኼ እኮ የሰው አስተያየት አይደለም፣ የተለካ ነው" አለውና ግድግዳውን አሳየው። ሽማግሌው ወረቀቱን አየ፣ ዓምዱን አየ፣ ቁጭ አለ። ከባለ ወፍጮው ጋር ሦስት ዓመት የተሟገቱ ሰዎች ከወረቀት ጋር እንዴት እንደሚሟገቱ አላወቁም። ኩምሽሽ ብለው ቀሩ።

ከሰዓት በኋላ አስተባባሪውን መካነ ሰላም ሻይ ቤት አገኘሁት። የግራው ዓምድ ከየት መጣ አልኩት። ደስ ብሎት ላፕቶፑን ከፈተልኝ። በታችኛው አምስተኛ ውስጥ አራት ቤት ነው ያለው። ሁለቱ ባሉበት ናቸው፣ አንደኛዋ እንዲያውም ወርዳለች። አራተኛው ቤት ግን ተአምር ነው አለኝ፤ የአራቱን አማካይ ይዞት የወጣው እሱ ነው። የቤቱን ቁጥር አየሁ። ቁጥሩን በራሴ እጅ ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ አንድ ጊዜ ጆንያ ላይ፣ አንድ ጊዜ በርጩማ ላይ ተቀምጬ።

ነገሩ ያኔ ነው የገባኝ፣ የሥልጠናው ቀን ሊገባኝ ሲገባ። ሰልፉ የሚሰለፈው በመጀመሪያው ዓመት ነው፣ አንዴ ከተሰለፈ አይነቃነቅም። እኔ በመጀመሪያው ዙር "ደሃ ነን" ያለውን ጽፌ ከደሃዎቹ ጋር አሰለፍኩት። በሁለተኛው ዙር ዘካውን አባዝቼ ሀብቱን በሙሉ አወጣሁት። ለወረቀቱ ታዲያ አንድ ምስኪን ደሃ በሁለት ዓመት ውስጥ ከባዶ ተነሥቶ ሃምሳ ኩንታል፣ ሁለት ወፍጮና አይሱዙ አፈራ። ከሱ ጋር የተሰለፉት ሦስት ደሃዎችም በሱ ስም አደጉ፣ ቀበሌውም አደገ፣ እናቴም አደገች። ጥርሴን ነክሼ እንደ ድሮው የለኝም ያለውን ብጽፍለት ኖሮ ዓምዱ ባለበት ይቀር ነበር፣ እናቴም በቦታዋ። እሱን አገኘሁት ብዬ የወረወርኩት ድንጋይ የገዛ እናቴን ግንባር መታ።

ሁሉን ነገር ለአስተባባሪው ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። የሁለቱን ዙር ወረቀት ጎን ለጎን አየ፣ ሁለቱም ሥር የእኔ ፊርማ ነው።

"ከሁለቱ ወረቀትሽ የትኛው ነው ውሸቱ?" አለኝ።

የመጀመሪያው ነው አልኩት። ውሸት መሆኑን እያወቅሽ ነው የጻፍሽው አለኝ። አዎ አልኩ። አንተ ነህ ሰው ያለውን ጻፉ ያልከን ልለው አሰብኩ፣ ግን አልሆነልኝም፤ ሌሎቹን ቤቶች እየጎረጎርኩ አቅንቻቸው የለ? እሱን ያልጎረጎርኩት ፈርቼው ነው። ደብዳቤ ጻፊ አለኝ፣ ጻፍኩ። በደብዳቤዬ ከሥራው ተሰናበትኩ፤ ሐሰት መሙላቷን በራሷ አምናለች ተባለ። ውጤቱ ግን ወደ ላይ ከሄደ ቆይቷል፣ የወረዳውም ውሳኔ ተፈርሞበታል። አንድ ቢሮ ስሄድ ወደ ሌላው ይልኩኛል፣ ሁሉም ትሑት ነው፣ ሁሉም ያዝንልኛል። ክረምቱን በሙሉ ተመላለስኩ። ጫማዬ ተቀደደ፣ የተመለሰ ነገር ግን የለም።

ኪራይ መክፈል ሲያቅተኝ ዕቃዬን ጠቅልዬ እናቴ ቤት ገባሁ። እሷ ምን እንዳደረግኩ ታውቃለች፣ ነግሬያታለሁ። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጎረቤት እየጠየቀ የሚያመጣላትን ቁራሽ ለሁለት እየቆረሰች ትልቁን ወደ እኔ ትገፋለች። እኔ እየበላሁ ባለ ወፍጮውን እረግማለሁ። ራሴንም መርገም እንደነበረብኝ ገብቶኛል፣ ግን እሱን መርገም ይቀለኛል። እንዲህ ነው የተፈጠርኩት።

መኸሩ ገባ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ደጅ ተቀምጬ ሳለሁ ሳል ሰማሁ። ባለ ወፍጮው አህያ እየነዳ መጣ፤ አህያዋ ላይ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ጤፍ ተጭኗል። "አሰላሙ አለይኩም" አለ ወደ ቤት። እናቴ ምርኩዟን እየፈለገች መለሰችለት። "ዘካ ነው፣ ዘንድሮ ለእናትሽ ይገባል ብዬ ነው" አለኝ።

ተነሥቼ መንገዱን ዘጋሁበት። "በስብሰባ ላይ ሀብታም ናት ሲሉ ነበር። ዛሬ ዘካ ያመጡላት ምን ሆና ነው? ቆርቆሮው ከላያችን ላይ የለም?" አልኩት።

አልተቆጣም። አህያዋን በአንድ እጁ እንደያዘ አየኝ። "ያ የመንግሥት ነው። ይኼ የአላህ ነው" አለ።

ይህን ሲል ቅንጣት እፍረት አላየሁበትም። ለመንግሥት ወረቀት የሚነገር ሌላ፣ ለአላህ የሚነገር ሌላ መሆኑ ለሱ እንደ ቀንና ሌሊት ግልጽ ነው። እናቴ ደሃ መሆኗን ከመጀመሪያውም ያውቅ ነበር። ከማንም በላይ በትክክል የለካት እሱ ነው። ልመታው ፈለግኩ፣ ወላሂ ልመታው ፈለግኩ፤ እጄ ግን ባዶ ነበር።

እናቴ ከኋላዬ "ልጄ፣ ዞር በይለት" አለችኝ። ዞር አልኩ። ማዳበሪያውን ብቻውን ማውረድ ስላቃተው አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ። ተሸክመን አስገባነውና ጥግ ላይ አቆምነው። ክብደቱ ትከሻዬ ላይ ቀረ፤ በዚያ ሁሉ ወራት ወደዚያ ቤት የገባ የመጀመሪያው ሙሉ ጆንያ ነው።

እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ እጇን ዘረጋችና ዱዓ ጀመረች። አላህ ሀብትህን ያብዛው፣ ጓዳህን አያጉድለው፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ ያወጣኸውን እጥፍ አድርጎ ይመልስልህ እያለች አንድም ሳታስቀር ትመርቀዋለች። ከልቧ ነው፤ አስመሳይ ሴት አይደለችም። እሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጁን ዘርግቶ "አሚን፣ አሚን" ይላል። እኔ ጆንያውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። እናቴ መሐል ላይ አቋረጠችና ወደ እኔ ዞረች። እሱም ቀና ብሎ አየኝ።

"አሚን በይ እንጂ" አለችኝ። "አንቺም ትበይበታለሽ።"

አሚን አልኩ። ጮክ ብዬ አልነበረም፤ ግን ሰምቷል።